የአባባ ማሺንና የእኔ ዝገት

ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

አባባ ዛሬ ማሺናቸውን በእጄ አስረከቡኝ። "ማሺን" የሚሏት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሎኮሞቲቭ ብዬ እጽፋለሁ። ድሬዳዋ ሳሉ የጡረታቸው ዘመን እስኪደርስ የነዷትን ባቡር አምሳያ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጠው፣ በብየዳ አያይዘው፣ ከአሮጌ ቴፕ የነቀሉትን ሞተር ሆዷ ውስጥ አስቀምጠው የሠሯት ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ ብዙ ምሽታቸውን የወሰደችው እሷ ናት። አረንጓዴ ቀለሟ እንደ አዲስ ሳህን ያበራል።

"እንግዲህ የማኅበራችሁን ሥርዓት አድርሺላት" አሉኝ።

የሞዴል ባቡር ማኅበራችን ሥርዓት የታወቀ ነው። ፉርጎም ሆነ ሎኮሞቲቭ ሳያረጅ ወደ ሐዲዳችን አይገባም። አቧራውን፣ ጭሱን፣ የዘይቱን ጠብታና ዝገቱን በቀለምና በዱቄት እናስመስላለን፤ "ማስረጀት" እንለዋለን። "የሚያበራ ባቡር መጫወቻ ነው፤ ሞዴል የሚሆነው ዕድሜው ሲታይበት ነው" የሚለውን ዐረፍተ ነገር በቴሌግራም ገጻችን አናት ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በማስረጀት ደግሞ ከእኔ የሚሻል የለም ይላሉ። ይህን በትዕቢት አልጻፍኩትም፤ ስለሚሉ ነው።

ማኅበር ብንባልም ጥቂት ነን። ኡዘይር ቡራዩ የሚኖር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ማርቲ ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የውሃ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። እኔና አባባ ሰበታ ነን። እያንዳንዳችን የከተማችንን ገበታ፣ ማለትም ሐዲድ የተነጠፈበትን ሰፊ ሳንቃ፣ በየቤታችን እንሠራለን። እርስ በርስ ለመገናኘት በታክሲ አዲስ አበባን ማቋረጥ ግድ ይለናል፤ ገበታዎቹ ሲጋጠሙ ግን ሦስቱ ከተሞች ጎረቤት ይሆናሉ። ሦስቱም በአንድነት የሚጋጠሙት መስከረም 10 ቀን፣ በሱሉልታ፣ በማርቲ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ የሚነዱት አባባ ናቸው።

ቀኑ እንዳይገፋ የለመንኩት እኔ ነኝ። የአባባ በሽታ ግላኮማ ነው። ሐኪሙ በግንቦት ሲመረምራቸው "የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታው እናቆየው" ብሎናል። የእይታቸው ዳር ዳሩ ጠፍቶ መሐሉ ብቻ ቀርቷል። ገበታዎቹ ተጋጥመው ባቡሩ ሲሄድ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። የዚህ ክረምት ሐሳቤ ይህ ብቻ ነው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

በችኮላ። ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ፈቃድ ጠይቄ አዲስ አበባ ወረድኩ። አሮጌው የባቡር ግቢ። ዘበኛው እንድገባ ፈቀደልኝ። የአባባ ዓይነት አንዲት ቆማለች፤ ምናልባትም ራሷ ናት። ፎቶ አነሣሁ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱም ጎን፣ ተንበርክኬም። ከመስኮቱ ሥር የወረደው ዝገት የሕፃን ልሃጭ ይመስላል። በመንኮራኩሮቿ መሐል ሣር። ሹፌሩ በሚቀመጥበት ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ዝናብ ያዘኝ። ደስ ብሎኛል፤ ከእንግዲህ ከሐሳቤ የምጨምረው ነገር የለም፤ ሁሉም በማስረጃ ነው።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ቀኝ ጎኗን በቀለምና በዱቄት ጨረስኩ፤ ከላዩ ቫርኒሽ ቀባሁት። አልረካሁም። ዝገት ይመስላል እንጂ ዝገት አይደለም። ለግራ ጎኗ ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። አካሏ ቆርቆሮ አይደለም? ቀለሙን ፍቄ ጨውና ኮምጣጤ ቀባኋት። እውነተኛ ዝገት እያወጣች ነው።

አክስቴ የሺወርቅ ወጥ ቤት ገብታ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው።

"ኮምጣጤዬን ማን ጠጣው?"

"ለማሺኗ ነው፣ እትዬ።"

"ለብረት ሰላጣ ይሠራለታል እንዴ? የተማረ ሰው ጉድ!"

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለአባባ ሰጠኋቸው። ሁሉንም እንደሆነው ልጻፍ።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ወደ መስኮቱ ወስደው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው ማሺኗን ይጠርጓት ጀመር። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ በኋላ ጠንከር አድርገው።

"አይለቅም፣ አባባ፤ ቫርኒሽ አለበት" አልኳቸው።

"ዓይኔ መስሎኝ ነው" አሉ።

ፎቶዎቹን በስልኬ አሳየኋቸው፤ እያንዳንዷን ቦታ ከፎቶው ጋር አስተያየሁላቸው።

"ጎበዝ፤ አሁን እንዳለችው ናት" አሉ። ከእሳቸው የመጣ ትልቅ ምስጋና ነው። ቫርኒሹም በመሐረብ ቢፈተግ እንኳ ያዘ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

የለጠፍኩት ፎቶ በቴሌግራም ልብና እሳት ዘነበበት። የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ "እውነተኛዋ ናት ወይስ ሞዴል?" ብለው ጠይቀዋል። ኡዘይር በድምፅ እንዲህ አለ፦ "ወይኒ፣ አንቺ እኮ እኔን ብታስረጂኝ ነገ ጡረታ ይሰጡኛል!"

አባባ ምሽቱን ወደ ገበታው አልመጡም። ድካም ነው አሉ። ከክፍላቸው ሬዲዮ ይሰማል። ብቻዬን የሰበታን ሐዲድ ጠረግሁ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

አክስቴ ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ። ለመስማት አልፈለግሁም፤ የግቢው ግድግዳ ጭቃ ነው።

"ወንድሜ ያቺን ባቡር በደረቱ አቅፎ ነበር የኖረው። ልጅቷ ገንዛ ሰጠችው።"

ፍትሕ የጎደለው አነጋገር ነው። እትዬ የሺ የሞዴል ሥራ አታውቅም፤ በማታውቀው ነገር ለመፍረድ ግን አትቸኩልም አይባልም። በሐዲዳችን ላይ ያልነበረ ነገር አይሮጥም። ያየሁትን ሠራሁ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

አባባ ዛሬም አልመጡም። የዓይን ጠብታውን ጠርሙስ አየሁት፤ ብዙም አልጎደለም። ጥሩ ነው፤ ይበቃናል ማለት ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ኡዘይር የቡራዩን ገበታ በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኖ ከሰበታው ጋር መጋጠሙን ሊፈትን መጣ። በላስቲክ ጠቅልሎታል፤ ራሱ ግን በዝናብ ርሷል።

"ኦቦ ሽመክት፣ አከም ጅርቱ?" ብሎ አባባን በኦሮምኛ ሰላም አላቸው።

"ፈያ፣ ፈያ። ግባ፣ ልጄ፤ ውሃ አደረግከው'ኮ ቤቱን!" አባባ ከስንት ቀን በኋላ ሳቁ።

ገበታዎቹ በትክክል ገጠሙ። ኡዘይር ፉርጎ ሲያሻግር "ይኸው ያለ ታክሲ ሰበታ ገባሁ" አለ። ከዚያም መቆጣጠሪያውን ወደ አባባ ዘረጋ። "ማሺኗን ይዘው ብቅ ይበሉ እንጂ፤ እስኪ ሹፌር እንይ!"

"ዓይኔ ነው፣ ልጄ። አንተ ንዳ።"

በረንዳ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ በኦሮምኛ አወሩ። አባባ የድሬዳዋ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ ጥቂቱን ብቻ እይዛለሁ። "ኢሼን ዱቴርቲ" ሲሉ ሰማሁ፤ "እሷ ሞታለች" ማለት ነው። ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም። ኡዘይር ሲወጣ በሩ ላይ ጠየቅኩት።

"ማን ሞተች?"

አየኝ። ቀልድ አላመጣም፤ ይህ ከእሱ የማይጠበቅ ነው። "አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ አይደል?"

"አነባለሁ።"

"እንግዲያው ሰውየውን አንብቢያቸዋ" ብሎ ሄደ።

የተጠየቀውን በጥያቄ መመለስ ሥርዓት አይደለም። ደክሞኛል።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ጠብታው አልጎደለም፤ ቆጥበው መስሎኝ ነበር። ክዳኑ ራሱ ሰሞኑን አልተከፈተም።

ጠየቅኳቸው። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የፍልሰታ ጸሎታቸውን ጨርሰው ነበር።

"አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆሙት?"

"እንጃ።"

"ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል። ካልወሰዱት የቀረውም ይሄዳል።"

"የሚታየውን አይቼዋለሁ፣ ወይኒዬ። ከዚህ በኋላ ምን ልይበት?"

በእጄ ዓይናቸው ውስጥ ልጨምርላቸው ስል ፊታቸውን አላዞሩም፤ ግን አላቀኑትም። ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። አልጠረጉትም።

አሁን ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ መሐረቡን፣ አክስቴ ያለችውን፣ በረንዳው ላይ የሰማሁትን። ፎቶዎቹን እንደገና ከማሺኗ ጋር አስተያየሁ። አንድም ስሕተት አላገኘሁም። ወፏ ጎጆ የሠራችበትን ቦታ እንኳ በጭድ ስብርባሪ አሳይቻለሁ። ስሕተት ቢኖር ኖሮ ማረም ይቻል ነበር፤ ይህ ነው ያስቸገረኝ። ትክክለኛ ነው። አባባ ግን ያቺን አያውቋትም። እሳቸው የሚያውቋት ጠዋት ጠዋት ሞተሯ የሚነሣውን ነው። እኔ በሕይወቴ ስትሄድ አይቻት አላውቅም፤ የማውቀው ቆማ ነው። እኔ የማውቀውን ሠርቼ "ያንተ ናት" ብዬ ሰጠኋቸው።

"ያንተ" ብዬ ጻፍኩ። "የእርስዎ" ነው። አልሰርዘውም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጾሙ ተፈታ። እትዬ የሺ ዶሮ ሠራች፤ አባባ ጥቂት ቀመሱ። ከማዕዱ እንደተነሡ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ።

"አባባ፣ እርስዎ ሲነዷት ምን ዓይነት እድፍ ነበራት?"

"እድፍ?" ተቆጡ። ቁጣቸውን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ! "ማን እድፍ ያስነካታል? በየማለዳው አሳጥባት ነበር እኮ!"

"ታጥባ ስትወጣስ? ማታ ስትመለስ?"

"ማታማ..." ብለው ጀመሩ። የበረሃው አቧራ ከታች እስከ ደረጃዋ ድረስ ነጭ ያደርጋታል። ጣሪያዋ ጭስ መውጫው አካባቢ ጥቁር ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን አይጠቁርም። በእጅ የሚያዘው ብረት ቀለሙ ተልጦ ያበራል፤ የስንት ሰው መዳፍ ያሸው! ዘይት በዚህ በኩል ትተፋለች፤ ረዳታቸው "አስነጠሳት" ይል ነበር።

"የጎኗ መስመርስ? ቢጫ ነው ነጭ?"

"ቢጫ።" መልሰው "ነጭም ነበር" አሉ።

"ሁለቱም ሊሆን አይችልም፣ አባባ። ፎቶ የለዎትም?"

"ፎቶ ምን ያደርግልሻል፣ እኔ እያለሁ?"

እውነቱን ለመናገር ማስረጃ ብዬ ልቀበለው የምችለው ነገር አይደለም። ጻፍኩት። ሲተኙ ጠብታውን አመጣሁ፤ ፊታቸውን አቀኑልኝ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

የቀኙ ቫርኒሽ በአልኮል ለቀቀ። ዱቄቱም ታጠበ። የግራው አልለቀቀም። ዝገቱን ስፍቀው ጣቴ ሥር ተበሳ። ቆርቆሮውን በልቶታል፤ ከአንድ ቦታ በላይ።

ፎቶውን ለኡዘይርና ለማርቲ ላክሁ። ማርቲ "በአዲስ ቆርቆሮ ለውጪዋ" አለችኝ። ኡዘይር ግን ወዲያው ደወለ።

"እንዳትነኪ! ሞተሩ የተበየደው ከዚያ ግድግዳ ጋር ነው። ከነቀልሽው ሽማግሌው የሠሩት ነገር ሁሉ ይፈታል፤ እኔም አልመልሰውም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እንግዲህ በግማሽ ፊቷ ትኑር። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚኖረው።"

አክስቴ ቀዳዳውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ያን ቀን ሰላጣውን በልቼው ቢሆን ይሻል ነበር" አለች፤ ከዚያም ሳልጠብቅ ትከሻዬን ዳበሰችኝ።

ለአባባ አልነገርኳቸውም።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ክረምቱ ቀለም አያደርቅም። ሻማ አጠገብ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ደጃፍ ላይ። አባባ በየማታው ከገበታው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እኔ እቀባለሁ፣ እሳቸው ያዛሉ። "አቧራውን አብዝተሽ፤ ከዚያ ወዲያ በመዳፍሽ ጥረጊው፤ ረዳቱ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።" መስመሯን በመጨረሻ ቢጫ አደረግነው። ነገ ነጭ ነበር ሊሉኝ ይችላሉ።

ጠብታውን አሁን ራሳቸው ይጠይቁኛል፤ ጠዋትም ማታም።

ስለ ግራ ጎኗ ስላልጠየቁኝ አልነገርኳቸውም። ይህ ውሸት አይደለም ብዬ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሳነበው ውሸት ይመስላል። እሳቸው ማሺኗን መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጧት ሁልጊዜ ግራዋን ወደ ግድግዳው ያዞሯታል። ስለዚህ የማየት ዕድል አላገኙም።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

በሥራ ቦታ በችኮላ። ሱሉልታ የሚያደርሰን ሚኒባስ ተገኘ። ማርቲ አዳራሹን አስጠርጋለች፤ የቤተ ክርስቲያኗ መጋቢ "የባቡር ጉባኤ" እያሉ እየቀለዱባት ነው።

አንድ ነገር ሳሰላ ታየኝ። ባቡሩ ከሰበታ ሱሉልታ ሄዶ ሳይዞር ወደኋላ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ በአንድ ወገን የቆመ ሰው ሁልጊዜ አንዱን ጎኗን ብቻ ያያል። የአባባን ወንበር በቀኟ በኩል አስቀምጣለሁ። ለኡዘይር ነገርኩት።

"ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ!" አለ። "ስሚ ግን፣ አንቺ የት ልትቆሚ ነው?"

በዚያኛው በኩል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ማየት ያለብኝም እኔ ነኝ።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ተመልሰናል። አባባ ተኝተዋል። ዛሬውኑ ልጻፈው።

ጠዋት እንጦጦን ስንወርድ ጉም ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገበታውን በጉልበታችን ደግፈን ነው የሄድነው። አዳራሹ ከጠበቅነው በላይ ሰው ሞላበት፤ የሰፈር ልጆች፣ የማርቲ የሥራ ባልደረቦች፣ መጋቢው። ሦስቱ ገበታዎች ተጋጠሙ። አባባን ወንበራቸው ላይ አስቀምጠን መቆጣጠሪያውን በጣታቸው አስያዝናቸው። እኔ ዞሬ በግራ በኩል፣ ከሕዝቡ መሐል ቆምኩ።

ተነሣች። ከሰበታ ወጣች። የቡራዩ መጋጠሚያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ኡዘይር በጣቱ ሊገፋት ሲል አባባ ጮኹ።

"ተው! አትንካት! ወደኋላ ልውሰዳት!"

ወደኋላ ወስደው በጉልበት አመጧት፤ አለፈች። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጠገቤ የቆመ ወጣት ስልኩን አውጥቶ "ይቺ ጎን ናት የምታምረው፤ ዝገቷን አያችሁ?" አለ። ከሁለት ወር በፊት ይህን ብሰማ ለሳምንት የሚበቃኝ ደስታ ነበር። ዛሬ ከስልኩ ፊት ገለል አልኩ።

ሱሉልታ ደርሳ ተመለሰች። ቡራዩ አካባቢ አባባ ፍጥነቷን ቀንሰው አቆሟት። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ አየኋቸው። ከእይታቸው ጠርዝ ወጥታ ጠፍታባቸዋለች።

"ወይኒ! የት ነሽ?"

"እዚህ ነኝ፣ አባባ። በዚህኛው በኩል።"

"ከዚያ ምን ይታይሻል?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የሚያምር ነገር ልል እችል ነበር።

"ዝገት" አልኩ። "ከግራ በኩል በልቷታል፣ አባባ። ተበስታለች። አልነገርኩዎትም።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ጣቴ ገብቶባት ያውቃል። ያንን ጎን እዚያ ለቆመው ሰው ተዪለት። እኔ የምነዳው ይህን ነው፤ ግን ፊቴ የሚመጣውን አላየውም። ነይ።"

ገበታውን ዞሬ ሄድኩ። ኡዘይር "አስ ኮቱ፣ አስ ኮቱ፤ ወዲህ ነይ" እያለ መንገድ አስለቀቀልኝ። ከአባባ ትከሻ አጠገብ ቆምኩ። ከእኔ ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም ነበር፤ እሳቸው ነገሩኝ። ድሬዳዋ ሳሉ ረዳቱ መንገዱን አይቶ ምልክቱን ጮኾ ይጠራል፤ ሹፌሩ ሰምቶ ይደግመዋል። ሳይደግም መንዳት ክልክል ነው። ሁለት ሰው ያልተናገረው መንገድ ክፍት አይባልም።

"ጥሪ እንጂ" አሉኝ።

የቡራዩን መጋጠሚያ አየሁ። የቆመ ነገር አልነበረም።

"ቡራዩ ክፍት ነው" ብዬ ጠራሁ።

"ቡራዩ ክፍት ነው" አሉና ማሺኗን ለቀቋት።